ሳልጠይቅ ያጠፋሁት ምርጫ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ንብረት ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ቆምኩ። ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ስድስት ፊርማ ይፈልጋል፤ አምስቱን ሰብስቤ የቀረችኝ የንብረት ክፍሏ ጽጌ ብቻ ነበረች። ጽጌ ያንን ክፍል እንደ ገዛ ጓዳዋ የምትጠብቅ ሴት ናት። ከመዝገቡ ላይ እያነበበች ከፊቷ የደረደርኩትን ታመሳክራለች፤ ቲ ማስመሪያዎቹን፣ ትልቁን የእንጨት ኮምፓስ፣ ሦስት ማዕዘኖቹን። በመጨረሻ ጋዋኔን አወለቀችኝና ኪሱን ስትፈትሽ ጥጉ ተበልቶ ድቡልቡል ያለ አሮጌ ላጲስ አገኘች።

«ይሄ መዝገቤ ላይ የለም፣ ጋሽ ግርማ።»

«የራሴ ነው፤ ስጪኝ።»

«ለዚች ነው እንዲህ የደነገጡት?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ሰጠችኝና ፈረመች።

ጽጌ ብትስቅ አይፈረድባትም። ያ ላጲስ የመጣበትን መንገድ እኔና ሁለት ሰዎች ብቻ ነን የምናውቀው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ዛሬ በሕይወት የለም። የሥራ ዘመኔን ጻፍ ጻፍ ሲሉኝ ለከረሙት ልጆቼ የምነግራቸው ታሪክ እንግዲህ የዚሁ ላጲስ ታሪክ ነው።

እኔ ራሴ መሐንዲስ መሆን ነበር የምፈልገው። የተወለድኩት አማን ነው፤ አባቴ ከሸዋ የመጣ ነጋዴ፣ እናቴ የካፋ ልጅ። ልጅ ሆኜ ወንዝ ሞልቶ መኪና ባገደ ቁጥር ከዳር ቆሜ ድልድዩን በሐሳቤ እሠራ ነበር። ማትሪክ ስወስድ ግን ነጥቤ ለኢንጂነሪንግ ለጥቂት ሳይደርስ ቀረ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። ብዙ ዓመት አንደኛ ደረጃ ካስተማርኩ በኋላ በክረምት እየተማርኩ ዲፕሎማ ያዝኩና የቴክኒካል ድሮዊንግ አስተማሪ ሆንኩ። ድልድዩን መሥራት ባልችል ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እሥለው ጀመር። ይህንን ቁጭት አስታውሱት፣ በኋላ ጥፋት ያሠራኝ እሱ ነው።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ የተመደብኩት ቱም የምትባል ትንሽ ሩቅ ከተማ ነው። በሳሙናና በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቴክኒካል ድሮዊንግን ግን ከሥዕል ለይተው አያውቁትም። በገባሁ በሳምንቱ «እንኳን ሠዓሊ ላከልን» ብለው የትምህርት ቤቱ በር ላይ አንበሳ እንድሥል አዘዙኝ። ትምህርቱ ሌላ መሆኑን ባስረዳም አልገባቸውም፣ ሣልኩ። ተማሪዎቹ በግ ነው ብለው ተስማሙ። እስክለቅ ድረስ «የበጉ መምህር» ነበር ስሜ። መንደፊያ ሰሌዳ ስላልነበረን ከአናጢ ጣውላ ለምኜ፣ ቲ ማስመሪያውን በእጄ ጠርቤ ነው ያስተማርኩት። ከእነዚያ ልጆች መካከል የራሱን ጎጆ ከፊት፣ ከላይና ከጎን ነድፎ ለአባቱ ያሳየ ነበር። አባትየው ከላይ የታየውን ጎጆ አገላብጠው ካዩ በኋላ «ይሄ ወፍ ያየው ነው» አሉ። ከዚያ የተሻለ ማስተማሪያ አግኝቼ አላውቅም።

ከቱም ወደ ቴፒ ተዛወርኩ፤ እዚያ ጋሽ ተሰማን አገኘሁ።

ጋሽ ተሰማ የእጅ ሥራና የንድፍ መምህር ነበሩ። ቀጭን፣ ጥቁር፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ካኪ ጋዋናቸው ከላያቸው የማይወርድ ሰው። እርሳስ በምላጭ ነው የሚቀርጹት፤ ቀርጸው ሲያበቁ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጫር አድርገው ይፈትኑታል። የክፍሉ አንድ ለናቱ ላጲስ ያለው እሳቸው ኪስ ነው። የራሱን ላጲስ ይዞ የሚገባ ተማሪ በር ላይ ያስረክባል። ማጥፋት የፈለገ ተነሥቶ እሳቸው ዘንድ ይሄድና ምን መስሎት እንዳሰመረው፣ አሁን ለምን እንደሚያጠፋው ይናገራል። ከዚያ ነው ላጲስ የሚሰጡት።

መጀመሪያ ሳየው ቆሽቴ አረረ። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ወረፋው እስከ በር ነው። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ «ጋሽ ተሰማ፣ ይሄ ጊዜ ማባከን አይደለም?» አልኳቸው።

«ግርማ» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ልጁ ያሰመረው መስመር ውስጥ የልጁ ሐሳብ አለ። መስመሩ ሊሳሳት ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ልክ ሊሆን ይችላል። ሳትጠይቅ ካጠፋህ ሁለቱንም ነው የምታጠፋው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ተማሪ «ምን ልማር?» ብሎ ሲጠይቃቸው አይመልሱም። ቅዳሜ ጠዋት ይቀጥሩትና ሥራ ካለበት ቦታ ይወስዱታል። መሰንጠቂያ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ መንገድ ጠጋኞች ዘንድ፣ ከሁሉ የሚበዛው ግን እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ። ምንም ሳያስረዱት ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሲመለሱ መንገድ ላይ «ምን አየህ?» ብለው ይጠይቁታል። አንዱ ውኃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ይናገራል። ሌላው የማሽኑን መዘውር ያወራል። ሌላው ሠራተኞቹ ፀሐይ ላይ እንደሚቆሙ፣ ጣሪያው አጭር እንደሆነ ያስተውላል። «ምንም አላየሁም» የሚልም አለ፤ እሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ ክሊኒክ ወይም ፍርድ ቤት ይወስዱታል። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። መንገድ የሚመረጠው እንዲህ መሆኑን አየሁ፤ ግን ያየሁትን ሁሉ ተማርኩ ማለት አይደለም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ላጲሱን ለእኔ ሰጡኝ። «ኪስህ ውስጥ ይኑር» ከማለት በቀር አልመከሩኝም። ወዲያው እኔም ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛወርኩ፣ መሰናዶ ክፍል ማስተማር ጀመርኩ።

በዚያ ዘመን አሥረኛ ክፍል ሲያልቅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ውጤት ያመጣ መሰናዶ ገብቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ያላመጣ ቴክኒክና ሙያ። አንደኛው ሰርግ ነው፣ ሁለተኛው ለቅሶ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ እንጂ እኔም ሰነፍ ተማሪን «ቴክኒክ ነው የምትገባው!» እያልኩ አስፈራራ ነበር፣ ራሴ እርሳስና ማስመሪያ ይዤ። የአስፋልት ሥራው ወደ እኛ ሲገፋ ደግሞ ባሰ። ቢጫ ቆብ ደፍቶ በትልቅ መኪና የሚያልፈውን መሐንዲስ ያየ ወላጅ ሁሉ «ልጄን ሲቪል ኢንጂነር አድርግልኝ» ይለኛል። የወላጆቹ ምኞት የራሴም ነበር። ድልድዩ ሆዴ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

አስቴርን ያገኘኋት ይሄን ጊዜ ነው። የሸኮ ቡና ገበሬ የአቶ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ሚዛን ቤት ተከራይታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትማር ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። አማርኛዋን ሰው እንዳይስቅባት አስባ ነው የምትናገረው። የቤት ሥራ «ቤታችሁ ያለ አንድ ዕቃ ንደፉ» ብዬ ስሰጥ ሌላው ወንበርና ሣጥን ሲያመጣ እሷ የአባቷን በእጅ የሚዞር የእሸት ቡና መፈልፈያ በሦስት አቅጣጫ ነድፋ አመጣች። መስመሩ ጥርት ያለ ነው። በሚዞረው ከበሮና ከፊቱ ባለው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ግን በአንድ ወገን ሰፍቷል።

«እዚህ ጋ ጠምሞብሻል» ብዬ በላጲሴ አጠፋሁና አቃናሁላት። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። ላጲሱን እንደ ጋሽ ተሰማ ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር እኮ፤ መጠየቁን ነው የተውኩት። እሷም ወረቀቷን ይዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አሥራ ሁለተኛ ጨርሰው የምርጫ ቅጽ ሲሞሉ ኃላፊው እኔ ነበርኩ። ቅጹን መጀመሪያ በእርሳስ ሞልተው ይሰጡኛል፣ አይቼ በስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። በመጨረሻው ቀን ዝናቡ ዶፍ ነው። ቅጹን የሚያደርሰው ሰው የዝናብ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ «መምህር፣ መኪናው ሊሄድ ነው» ይለኛል። አስቴር ሸኮ ሄዳ መንገድ ተበላሽቶባት አልተመለሰችም። ቅጿን ሳየው አንደኛ ምርጫዋ ላይ በዚያ ጥርት ባለ ጽሕፈቷ «መካኒካል» ይላል።

በዚህ ውጤት? ብዬ አሰብኩ። ሴት ልጅ ግራሶ ለብሳ ሞተር ሥር ልትተኛ? ሲቪል እየቻለች? ላጲሴን አወጣሁና አጠፋሁት። «ሲቪል» ብዬ በስክሪብቶ ጻፍኩበት። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ለመልእክተኛው ሻይ ጋበዝኩት።

ምደባው ሲመጣ ሲቪል ደረሳት፣ ሩቅ ሰሜን። የሸኮ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሸኛት። እኔም መናኸሪያ ድረስ ሄጄ አቅፌ ሳምኳት። ስለ ቅጹ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በቅዳሜ ገበያ አየኋት። ዘንቢል ይዛ ኮረሪማ ትሸጣለች። እኔን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ጋርዳ ሰው መሐል ገባች። ጓደኛዋን ጠይቄ ነው የሰማሁት፤ በመጀመሪያው ዓመት ማስጠንቀቂያ፣ በሁለተኛው ስንብት። ያን ቀን የገዛሁትን ሙዝ ገበያው ላይ ረስቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ለጋሽ ተሰማ ልናገር ቴፒ ወረድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እርሳስ ሲቀርጹ አገኘኋቸው፤ ጡረታ ወጥተውም አይተዉም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?» አሉና ወደ እርሳሳቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሸኮ ሄድኩ። አቶ ማርቆስ ቡና ሥር ሲመነጥሩ ደረስኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የሚሉኝ። አስቴርን አስጠሩልኝና ሦስታችን አንድ ጥላ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ቅጹ ላይ ያደረግሁትን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አንገቴን ቀና ማድረግ አልቻልኩም።

መጀመሪያ የተናገረችው አስቴር ናት። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ራሴ ተሳስቼ የሞላሁ መስሎኝ ነበር። እጄ ነው የበደለኝ ስል ነበር። አፍሬ ለአባባም አልነገርኩት።»

ይሄኔ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን ጥፋት ተሸክማ የኖረችው እሷ ናት።

አቶ ማርቆስ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እኔ አንድ ችግኝ ስተክል ጥላውን አየዋለሁ፣ ውኃውን አየዋለሁ፣ ከጎኑ ያለውን ዛፍ አየዋለሁ። አንተ የእኔን ልጅ ስትተክል ምን አየህ?»

አንተ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ጥያቄው ደግሞ የጋሽ ተሰማ ጥያቄ ነው፤ አቶ ማርቆስ ግን ጋሽ ተሰማን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። ምንም አላየሁም ነበር።

«የራሴን ፍላጎት ነው ያየሁት፣ አቶ ማርቆስ» አልኩ። «አሁን ላስተካክል ብፈልግ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።»

«እሷን ጠይቃት» አሉና ገጀራቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ጠየቅኳት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያቺን ንድፍ አስታወስኩና ክፍተቱ ለምን በአንድ ወገን እንደሰፋ ጠየቅኳት። ከቤት ኋላ ወስዳ መፈልፈያውን አሳየችኝ። እውነትም ጠምሟል! ብረቱ በአንድ ወገን ተበልቷል፣ በዚያ በኩል ያለፈው ቡና ሳይፈለፈል ይወጣል፣ በጠበበው በኩል ያለፈው ደግሞ ፍሬው ይቆረጣል። እሷ የነደፈችው ያየችውን ነው። ጥፋቱን አግኝታ ነበር፤ እኔ ግን አጥፍቼ አንድ ነጥብ ቀነስኩባት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ተሰማን ከቴፒ አስመጥቼ ሦስታችን አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ሄድን። የእሸት ቡናው ወቅት ነው፣ ገበሬው ቀይ ቡናውን ይዞ ተሰልፏል። ትልቁ መፈልፈያ ማሽን ይንጓጓል። ጋሽ ተሰማ እንደ ልማዳቸው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አስቴር ቆማ ስታዳምጥ ቆየችና ለማሽን ሠራተኛው ክፍተቱ በአንድ ወገን እንደጠበበ ነገረችው። ሰውየው ሳቀባት። ማሽኑ ለጽዳት ሲቆም ግን ካቻቢቴውን ሰጣት፣ ለመሳቅ ይመስለኛል። ሁለት ብሎን ላላ፣ አንዱን ጠበቅ አደረገች። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ መንጓጓቱ ወደ ማጉረምረም ዝቅ አለ። ሰውየው ከሚወጣው ፍሬ በእፍኙ ዘግኖ አገላበጠ፣ አንድ የተቆረጠ አጣበት። ካቻቢቴውን እንድትመልስለት አልጠየቃትም።

ስንመለስ ጋሽ ተሰማ «ምን አየሽ?» አሏት።

«ማሽኑ ለረጅም ሰው ነው የተሠራው» አለች። «ቡናውን የሚጨምሩት ሴቶች ናቸው፤ ይንጠራራሉ።»

ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ ዞረው «ይህችን ልጅ መካኒካል ከልክለህ ነበር?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ያ ይከብደኛል።

መንገዱ ረጅም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተሰናበተን ልጅ በዚያው በር መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ የቀረው ያ የለቅሶ በር ነው፣ ቴክኒክና ሙያ። አጠቃላይ መካኒክስ ተመዘገበች። ሰው «ዩኒቨርሲቲ ደርሳ ቴክኒክ ወረደች» ሲል ሰማሁ፤ ያን ቃል ከክፍሌ ይዘውት የወጡ ይኖራሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ በቴክኒክ አስፈራርቼ አላውቅም፤ እንደ ጋሽ ተሰማ በቅዳሜ ሥራ ቦታ መውሰድ ጀመርኩ። አስቴር ዲፕሎማዋን ያዘች፣ የብቃት ምዘናውን አለፈች፣ እዚያው ማጠቢያ ጣቢያ የጥገና ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ጥቂት ዓመት ሠርታ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ወደ መካኒካል ዲግሪ ገባች። ሲቪል ላይ የጣላት ያው ሒሳብ አሁን የምታውቀው ማሽን ሆኖ መጣላት። አንድ ጊዜ ብቻ በአንድ ትምህርት ወደቀች፤ ደውላ «ቲቸር፣ ይሄኛው እውነትም የእኔ ጥፋት ነው» ብላ ሳቀች። ለማመልከቻዋ ማስረጃ ፍለጋ ስንት ቢሮ እንደረገጥኩ አልቆጥርም፤ ዕዳዬ ነበር።

የተመረቀች ዕለት አቶ ማርቆስ አቀፉኝ። «አንተ ሰው» አሉኝ። ከዚያ ጥላ ዛፍ ወዲህ እርስዎ ብለውኝ አያውቁም፤ አሁን ግን የቤተሰብ አንተ ነው፣ እኔም እንዲቀየርብኝ አልፈልግም። ጋሽ ተሰማ ምረቃዋን አላዩም። ቀብራቸው ላይ ግን ነበረች፣ ከእኔ ጎን ቆማ።

ክሊራንሴን በጨረስኩ በሳምንቱ አስቴር ደውላ ወደ ሥራ ቦታዋ ጠራችኝ። አማን ላይ ትንሽ ወርክሾፕ ከፍታለች፤ ሁለት ሴት ሠልጣኞች አሏት፣ ብየዳው ይንጣጣል። ጠረጴዛዋ ላይ በእግር የሚዞር አዲስ መፈልፈያ ንድፍ ዘርግታ «ቲቸር፣ ይዩልኝ» አለችኝ። ወንበር ሳብኩና መነጽሬን አደረግሁ። ከፊት ጥሩ ነው። ከላይ ጥሩ ነው። ከጎን ሳየው ቡናው የሚጨመርበት አፍ ቀጥ ከማለት ፈንታ ወደ ሠራተኛው አጋድሏል። እጄ ሳላስበው ወደ ኪሴ ገባ፣ ላጲሱን ይዞ ወጣ።

አስቴር መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገች።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ይጠይቁኝ።»

ደነገጥኩ፣ ከዚያም ሳቅሁ። «እሺ። ለምን አጋደልሽው?»

«እናቴ አጭር ናት» አለች። «ዘንቢሉን ከወገቧ በላይ ማንሣት አትችልም። ቀጥ ካለ ትንጠራራለች።»

ደግሜ አየሁት። የፀጉር ያህል እንኳ የሚቃና መስመር አልነበረውም።

ላጲሱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አንሥታ አገላበጠችውና የራሷ ጋዋን ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ ሠልጣኞቿ ዞራ፣ ከብየዳው ድምፅ በላይ እየጮኸች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማጥፋት የምትፈልግ እኔ ጋ መጥታ ለምን እንደሆነ ትነግረኛለች!» አለች።